ስልሳ ቆርቆሮ

ደርበው በሬ ሲያይ አያወራም ነበር። አንድ ጊዜ ይዞረዋል፣ ሻኛውን በመዳፉ መታ መታ ያደርጋል፣ ከዚያ ዋጋውን ይናገራል። ላሊበላ ቅዳሜ ገበያ ላይ ሻጭና ገዢ ግማሽ ቀን ሙሉ ተማምለው፣ ተሰዳድበው፣ አንዱ ጥሎ ሄዶ ሌላው ከኋላ ጠርቶት መጨረሻ ላይ የሚስማሙበት ዋጋ፣ ደርበው ጠዋት ከተናገረው ከአንዲት ዶሮ ዋጋ በላይ አይርቅም። ከቆላ የሚመጣው የበሬ ነጋዴ መሐመድኑር ይህን ስለሚያውቅ፣ ገበያ እንደገባ የሚፈልገው በሬ ሳይሆን ደርበውን ነው። «ወላሂ ደርበው ያላየውን በሬ ገዝቼ ብሄድ ሚስቴ ሁለታችንንም ከበር ትመልሰናለች» ይል ነበር።

እህል ላይም እንዲሁ ነው። ከገነተ ማርያም በታች የአንዱ ከብት የሌላውን ገብስ ሲበላ ገማች ሽማግሌ ይጠራል። ደርበው ማሳው መሃል ይቆማል፤ ሦስት ዛላ ይቀነጥሳል፤ በመዳፉ አሽቶ እፍ ይለዋል፤ የቀረችውን ፍሬ በጣቱ ገፋ ገፋ አድርጎ አይቶ «አሥራ ሁለት ቁና» ይላል። ያልተበላው ጎን ታጭዶ ሲወቃ፣ የተባለው ቁጥር እፍኝ ሳያዛንፍ ይገኛል። ቤተ ክርስቲያን እንኳ ገብቶ ቀዳሹን ቄስ ቀና ብሎ አይቶ «ዛሬ እንቆያለን» ካለ፣ አጠገቡ ያለው ሽማግሌ ሁሉ የሚደገፍበት መቋሚያ ይፈልጋል።

ሚስቱ ሙሉዬ አንድ ቀን፣ ሰው በተሰበሰበበት፣ «እኔንስ ስታገባኝ ስንት ገመትኸኝ?» ብላ ጠየቀችው።

«አሳንሼ ነው የገመትሁሽ» አላት። «አፍሽን አላየሁትም ነበር።»

እንዲህ ያለ ሰው ነበር። ጉዱ የመጣው ከአንድ ማሳ ባቄላ ነው። አንድ ዓመት የራሱ በሬ ገመዱን በጥሶ ጎረቤት ባቄላ ውስጥ ገባ። ሰዎቹ ለቀልድም ያህል «እስቲ አንተው ገምተው» አሉት። ደርበውም ባቄላውን አየና ከጠፋው እጥፍ ያህል በራሱ ላይ ፈረደ። ያን ዓመት ሙሉዬ ቤት ባቄላ የሚባል ነገር ለዓይን ጠፋ። አገሩ ግን ጉድ አለ፤ «እንዲህ ነው እንጂ ሰው!» ተባለ። ጠበል ላይ ተወራ፣ ለቅሶ ቤት ተወራ፣ ይምርሐነ ክርስቶስ ድረስ ሄዶ ተወርቶ ተመለሰ። ያቺ ሙገሳ ለደርበው ጣፈጠችው። ከዚያ ወዲህ የሰው ነገር ሲገመት በልኩ፣ የሱ ወገን የሆነ ነገር ሲገመት ዝቅ። የራሱን በሬ አርክሶ ይሸጣል፤ የአጎቱን ልጅ በግ ከበግ አይቆጥራትም። ሙሉዬ «ይሄ ሰውዬ እኛን እያረከሰ ነው የሚከብረው» ትል ነበር። ሰው ይስቅላታል፤ እሷ ግን ስትናገረው አትስቅም።

እንግዲህ እኅቱን የትናየትን ላስተዋውቅ። የትናየት የደርበው የዘጠኝ ዓመት ታላቅ ናት። እናታቸው እሱን ስትወልድ ሞታለች። ሕፃኑን በጀርባዋ አዝላ ወንዝ የወረደች፣ የጎረቤት እናቶችን ደጅ እየዞረች ጡት የለመነችለት እሷ ናት። ለጋብቻ ሲጠይቋት «ይሄ ልጅ ከብት መመለስ ሲችል» ትላለች፤ ከብት መመለስ ሲችል «ማረስ ሲችል» አለች። ሲያርስ እሷ ሃያ ስድስት ዓመቷ ነበር፤ እንዲያ ያለች ልጅ በኛ አገር ቆማ ቀረች ነው የምትባለው። መጨረሻ ላይ አንድ ዝምተኛ ድንጋይ ጠራቢ አገባት።

ያ ሰው ቤት ሠራላት። ከቤተ ጊዮርጊስ በላይ ባለው ዳገት፣ ክብ፣ ቀይ ድንጋይ፣ ከላይ ፎቅ ያለው፣ በውጭ በኩል በድንጋይ ደረጃ የሚወጣ ቤት። አሥራ አንድ ዓመት ፈጀበት። ድንጋዩን አንድ በአንድ ጠርቦ ነው የደረደረው፤ ጭቃውን የትናየት ነች ያቦካችው፤ ደርበውም በጎረምሳነቱ ድንጋይ ሲሸከም የከረመበት ነው። ልጅ አልወለዱም። ሰውየው ቤቱን ጨርሶ ስድስት ዓመት ኖረበትና ሞተ። ሰዎች «ለራሱ መቃብር ሲሠራ ኖረ» ብለው አሙት፤ የትናየት ይህን ሰምታ ለሁለት ወር ከማንም ጋር አልተነጋገረችም። ከዚያ በኋላ ቤቱ ባሏም ልጇም ሆነ። በየፋሲካው ግድግዳውን ትለቀልቀዋለች፤ ደረጃውን ትጠርጋለች፤ እንግዳ ሲመጣ ከምግቡ በፊት ግድግዳውን ታሳያለች።

ከሚሌኒየሙ በዓል ቀጥሎ ባለው ዓመት፣ ከአብያተ ክርስቲያናቱ ዙሪያ ያለው ሰፈር ይነሣ ተባለ። ዳገቱ ላይ ያለው ሰው ካሣ ተከፍሎት ወደ አዲሱ ሰፈር ሊወጣ ነው። ወሬው መጀመሪያ ሲመጣ ማንም አላመነም፤ ሁለተኛ ሲመጣ ሁሉም ስለ ቆርቆሮ ማውራት ጀመረ። አዲሱ ሰፈር ላይ የሚሠራው ቤት የቆርቆሮ ስለሆነ፣ የማንም ቤት ካሣ የሚነገረው ስንት ቆርቆሮ ይገዛል እየተባለ ነበር። «የነ እገሌ የሰማንያ ቆርቆሮ ቤት ነው» ይባላል።

ለግምቱ አንድ ኢንጂነር መጣ። ብሎኬቱን፣ ጭቃ ቤቱን በሜትር እየለካ ከሠንጠረዡ ያወጣዋል። ክቡ ባለ ፎቅ የድንጋይ ቤት ላይ ሲደርስ ግን ሠንጠረዡ ዝም አለ። እንዲህ ያለ ቤት እሱ በተማረበት የለም። ስለዚህ ለድንጋይ ቤቶቹ የአገር ሽማግሌ ይገምት ተባለ። ሦስት ሰው ተመረጠ፦ መሪጌታ ገብረ ሊባኖስ፣ አያ አዳምና ደርበው። ደርበው ባይመረጥ ኖሮ አገሩ አንነሣም ይል ነበር።

የግምቱ ሥርዓት የቆየ ነው። ሦስቱም ቁጥራቸውን ይናገራሉ፤ ትልቁና ትንሹ ይጣላል፣ መካከለኛው ይያዛል። ከሦስቱ አንዱ ለባለቤቱ ዘመድ ቢሆን አይባረርም፤ አገሩ ሁሉ ዘመድ ስለሆነ ዘመድ ከተባረረ ገማች አይገኝም። ዘመዱ ቀድሞ እንዲናገር ይደረጋል እንጂ። ለምን ቢባል፣ ሥጋው የጨመረውን ሁለቱ ባዳዎች ከላዩ ላይ እንዲቀንሱለት ነው።

የየትናየት ቀን መጋቢት ውስጥ ዋለ። ሽማግሌዎቹና ኢንጂነሩ ሲደርሱ ግድግዳው ገና እርጥብ ነበር፤ ሌሊቱን ለቅልቃው ነው ያደረችው። ደረጃው ተጠርጓል። እሷ ነጠላዋን አስተካክላ ላይኛው ደረጃ ላይ ቆማለች።

ጎረቤቷ ባንችይርጋ በአጥሩ በኩል አንገቷን አውጥታ «እመት የትናየት፣ ሊፈርስ ነው እኮ! ሠርግ መሰለሽ?» አለቻት።

«ሲያዩት ደህና ሆኖ ይታይ» አለች የትናየት።

ደርበው ቤቱን ዞረው። መዞሩ ለወጉ ነው፤ የትኛው ድንጋይ የቱ ጋ እንዳለ ያውቃል። በልቡ ዘጠና ቆርቆሮ አለ። ዘጠና ሲል ግን መሪጌታ የሚያዩት መሰለው፤ ባንችይርጋ ባጥሩ በኩል የምታየው መሰለው፤ ያ የባቄላ ሙገሳ ሁሉ ቆሞ የሚጠብቀው መሰለው።

«ደርበው፣ አንተ ዘመድ ነህ፤ ቅደም» አሉት መሪጌታ።

«ስልሳ» አለ።

መሪጌታ ጢማቸውን ይዘው አሰቡ። የሰውየው እኅት ናት፤ ያሳደገችው ናት፤ በባቄላ ቢጨክንም በእኅት አይጨክንም፤ ምንም ቢሆን ሰው ነውና አሥራ አምስት ያህል ሳይጨምርላት አይቀርም ብለው ቆረጡ። «አርባ አምስት» አሉ።

አያ አዳም ከመሪጌታ በላይ ማለት ነውር ስለሚመስለው «አርባ» አለ።

መካከለኛው አርባ አምስት ሆነ። ኢንጂነሩ ጻፈው። ደርበው አፉን ከፈተ፤ ግን አሁን ቢናገር ሥጋው ነው የሚናገረው ይባላልና መልሶ ገጠመው። ግድግዳው ወደ ገደሉ ያዘመመው የባንችይርጋ ቤት ሰባ ተገምቶ ነበር።

ሽማግሌዎቹ ወደ ቀጣዩ ቤት ሲወጡ መሪጌታ ደርበውን ትከሻውን ያዝ አድርገው፣ በፍቅር ነው፣ እንዲህ አሉት፦ «ዛሬ ትንሽ አዳላህ። ግን አይፈረድብህም፤ እኅት ናት። እኛም በልኩ ቀንሰንልሃል።»

ደርበው መንገድ ላይ ቆመ። «አዳላሁ?»

«ስልሳ አልህ እኮ፣ ልጄ።»

«መሪጌታ፣ እኔ ዘጠና ነው የማውቀው። ሠላሳውን ራሴ ቀንሼ ነው የመጣሁት።»

መሪጌታ መቋሚያቸውን መሬት ላይ ተከሉ። «አንተው ቀንሰህ እኛም ቀነስን?» አሉ። «ታዲያ ይሄን ለማን እንናገር? ምን ብለን? ሁለት ጊዜ ቆረጥናት እንበል?» ከዚያ መቋሚያቸውን አንሥተው ሄዱ፤ ገና አራት ቤት ይቀር ነበር።

ማታ የአርባ አምስቱ ወሬ ከባንችይርጋ አጥር ተነሥቶ ላሊበላን ዞረ። በማግስቱ ደርበው እኅቱ ዘንድ ሄደ። የትናየት ደረጃው ላይ ተቀምጣ ምስር ትለቅማለች። ቀና ብላ አላየችውም።

«ስንት አልህ? ከአፍህ ልስማው» አለችው።

«እታለም፣ መሪጌታ ናቸው የቀነሱት። ከዚያ አዳም ደግሞ...»

«እነሱን አልጠየቅሁህም።»

«ስልሳ።»

ምስሩን ወዲህና ወዲያ አደረገችው። «ስልሳ» አለች። «ድንጋዩን አንተም ተሸክመሃል እኮ፣ ደርበው። ሌላ ሰው ቢለው ኖሮ አያውቅም እል ነበር።» ከዚያ ሰፌዷን ይዛ ተነሣችና ገባች። በሩን አልዘጋችውም። ደርበው ግን አልተከተላትም፤ በሩ ክፍት ሆኖ መግባት ያቃተው ያን ቀን ነው።

ቅሬታ ያለው በሠላሳ ቀን ውስጥ ያቅርብ ተብሎ ነበር። ቅጹ እንግሊዝኛ ነው፤ ገንዘቡ ከውጭ ስለሚመጣ የሚያነቡትም እዚያው ናቸው ተባለ። ደርበው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ ወደሚያስተምረው መምህር ኢያቄም ሄደ። መምህሩ የሰቆጣ ልጅ ነው፤ ገና ወጣት፣ ትዕግሥተኛ፣ የማንንም ነገር አብራርቶ ካላስረዳ እንቅልፍ የማይወስደው። ተማሪዎቹ ከወጡ በኋላ ደርበውን ባዶ ክፍል ውስጥ አስቀመጠው። የደርበው ጉልበት ከዴስኩ ሥር አልገባ ብሎ በጎን ተቀመጠ።

«አያ ደርበው፣ መጀመሪያ ምን እንደምንጠይቅ እንወቅ» አለና ጠመኔ አነሣ። «ግምትን የሚመለከት ግስ በእንግሊዝኛ ብዙ ነው። አንዱ ኢስቲሜት ነው። በዓይን አይቶ፣ በግርድፉ፣ ይህን ያህል ይሆናል ማለት።»

«እሱ የኔ ነው» አለ ደርበው።

«አሴስ ደግሞ ቀርቦ መርምሮ፣ ለክቶ ነው።»

«እሱ የኢንጂነሩ ነው፤ ሜትር ይዞ የሚዞረው።»

«አፕሬይዝ አለ። ነገሩን በደንብ የሚያውቅ ሰው ዋጋ ሲያወጣ።»

«ቆይ እስቲ። እኔ ያንን ካደረግሁ፣ ኢንጂነሩ ይሄን ካደረገ፣ አዋቂው የታለ?»

መምህሩ ሳቀ። «ኢቫልዌት የሚባል አለ፤ ጥሩውንም መጥፎውንም አንድ ላይ አመዛዝኖ መፍረድ።»

«እሱን ሙሉዬ ናት የምትችለው። በየቀኑ እኔ ላይ ትሠራዋለች።»

መምህሩ የጻፋቸውን ቃላት አንድ በአንድ እየነካ ከፊታቸው «ሪ» የሚል ጨመረባቸው። «ይህቺ ስትጨመር እንደገና ማለት ነው። ሪአሴስ፣ እንደገና መርምሮ ማየት። ሪአፕሬይዝ፣ እንደገና ዋጋ ማውጣት። ሌላም አለ፤ ሪኮንሲደር፣ የወሰኑትን ነገር መልሶ ማሰብ።»

ደርበው ሰሌዳውን ብዙ አየ። «ደግ ነገር ናት» አለ። «እኛ ዘንድ የለችም። ገማች አንዴ ከተናገረ፣ መካከለኛው ተይዞ፣ ተመራርቀን እንሄዳለን።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አንድ ሰው የነገሩን ዋጋ እያወቀ አሳንሶ ቢናገርስ? እሱን ምን ትሉታላችሁ?»

«አንደርኢስቲሜት አሳንሶ መገመት ነው። ግን እሱ ሳያውቁ ሲሆን ነው።» መምህሩ ጠመኔውን በጣቶቹ መሃል አሽከረከረ። «እያወቁ ከሆነ... ለጊዜው አልመጣልኝም፣ አያ ደርበው።»

«እኔም ስፈልገው ነው የከረምሁት» አለ ደርበው።

ቅጹን መሙላት ጀመሩ። ስም፣ ቦታ፣ የቤቱ ዓይነት። ሦስተኛው ገጽ ላይ መምህሩ ቆመ። «ስሕተቱን የሠራው ማን ነው፣ እንዴትስ ተሠራ ይላል። ሽማግሌዎች ብለን እንለፈው? ሦስት ናችሁ፤ ይከፋፈላል።»

«መሪጌታን በሐሰት አላስጽፍም። እሳቸው የኔን ቃል አምነው ነው የቀነሱት። አዳምም እሳቸውን።»

«እንግዲያ ስምዎን ልጻፍ?»

ደርበው በልቡ ቆጠረ። ሃምሳ ስምንት ቤት ገምቷል። ስሙ እዚያ ከተጻፈ፣ ደርበው በገዛ አፉ ዋሽቻለሁ አለ ይባላል። ለእኅቱ የዋሸ ለኔስ ማለት ይመጣል። መሐመድኑር ሌላ ዓይን ይፈልጋል። ማሳ ላይ ሲቆም ሰው እርስ በርሱ ይተያያል። «ወረቀቱን ስጠኝ» አለ። «ላስብበት።»

ሦስት ሳምንት አሰበበት። ወረቀቱ ሳጥኑ ሥር ነበር። እየወጣ ይገባል፣ እየገባ ይወጣል። ሙሉዬ መጀመሪያ ታገሠችው፤ ኋላ ግን በሰፊው መጣችበት።

«የትናየት ቆርቆሮ የጎደላት መሰለህ? አሥር ቆርቆሮ ቢሰጧት አሥሩ ሥር ትኖራለች። ወንድሜ ምን አለኝ ነው የምትለው። ወረቀቱን ተወውና ሂድ፤ ዘጠና ነበር በላት።»

«ባዶ እጄን አልሄድም። ውሳኔው ሲመጣ ይዤላት እሄዳለሁ።»

«እሷ ውሳኔ ጠየቀችህ?»

«ሙሉዬ፣ አፍሽን ያዢ!»

«እሺ፣ ያዝሁት። አንተ ደግሞ ስምህን ያዝ፤ አጥብቀህ ያዘው፣ እንዳይወድቅብህ።» ብላ ወጣች።

በሠላሳኛው ቀን፣ የቅሬታ መስኮቱ ሊዘጋ ሲል፣ ደርበው መምህር ኢያቄምን ከክፍል አስጠርቶ ስሙን አስጻፈ። ስሕተቱን የሠራው፦ ደርበው። እንዴት፦ የእኅቱ ቤት ስለሆነ ሰው አዳላ እንዳይለው። መምህሩ ሲጽፍ ቀና ብሎ አላየውም፤ ትሑት ልጅ ነው። ምናልባት ፈረንጅ መጥቶ ቢጠይቀው ብሎ ግን አንድ ዓረፍተ ነገር አስጠናው፤ «የእኅቴን ቤት አሳንሼ ገምቻለሁ» የሚል፣ በእንግሊዝኛ። ደርበው በየመንገዱ እየደጋገመ ያጠናው ነበር። አስጎብኚዎቹ «አያ ደርበው ጋይድ ሊሆን ነው» እያሉ ሳቁበት።

ለየትናየት ግን ማንም አልነገራትም። ባንችይርጋ እንኳ አላወቀችም፤ ብታውቅ ኖሮ ነገሩ በዚያው ቀን ይደርሳት ነበርና አንዳንዴ ወሬኛ ጎረቤት የማትሰማው ነገር መኖሩ ይቆጫል።

በግንቦት ደርበው ይምርሐነ ክርስቶስ አካባቢ የአማቱ ወንድም ሞቶ ለቅሶ ሄደ። አራት ቀን ቆየ። ሲመለስ ከሩቅ ዳገቱን አየና አካሄዱ ተለወጠ። የትናየት ቤት ጣሪያ የለውም። ሲደርስ ግድግዳውም እስከ ወገቡ ወርዷል። ከክረምቱ በፊት እንጨቱንና በሩን ወደ አዲሱ ሰፈር ማውጣት ነበረባት፤ እንደ ሌላው ሰው ሁሉ ቀን ሠራተኛ ቀጥራ አፈረሰችው። የባሏ የጥድ በር አንድ ጎረምሳ ጀርባ ላይ ተጭኖ ዳገቱን ይወጣል። እሷ ከኋላው መጥረጊያና ማሰሮ ይዛ ትከተላለች።

«እታለም፣ ቆዪ!» አላት።

«ምን ልቆይ? ዝናቡ ይጠብቀኛል?» አለችና አለፈችው።

ያን ጊዜ ቢነግራትስ? እያልን እስካሁን እንከራከራለን። ግድግዳው ወርዷል፤ ቢነግራት ይበልጥ ያቃጥላታል የሚል አለ። ሙሉዬ ግን እንዲህ አትልም። ሙሉዬ የምትለውን እዚህ አልጽፈውም።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ቅሬታውን የሚያዩት ሰዎች መጡ። አንዲት ሴት ናት አለቃቸው፤ መነጽር ያደረገች፣ ሰፊ ባርኔጣ ያጠለቀች። የቤቱ ባለቤትም ትገኝ ስለተባለ የትናየት ከአዲሱ ሰፈር ወርዳ መጣች፤ ለምን እንደተጠራች አታውቅም ነበር። ዳገቱ ላይ የቀረው የቀይ ድንጋይ ክምር ነው። ከክምሩ ጎን ማታ ጭቃውን የረገጡ ከብቶች ኮቴ ይታያል።

ደርበው ልብሱን አሳጥቦ ነበር። ሴትዮዋ ፊት ሄዶ ተገትሮ ቆመና ያጠናውን ዓረፍተ ነገር አንድም ቃል ሳይስት በእንግሊዝኛ አለው።

ሴትዮዋ መነጽሯን አወለቀች። «አባቴ፣ እኔ እኮ የደሴ ልጅ ነኝ» አለች። «በአማርኛ ይንገሩኝ።»

ባንችይርጋ ሳቀች፤ ሌሎችም ሳቁ። ደርበው ግን በአማርኛ ሲሆን ቃሉ ጠፋበት። የትናየት እዚያ ቆማለች። በእንግሊዝኛ ሲናገረው የሌላ ሰው ጥፋት ይመስለው ነበር መሰለኝ።

«የእኅቴ ቤት ዘጠና ነበር» አለ በመጨረሻ። «እኔ ስልሳ አልሁ። እያወቅሁ ነው።»

 ሴትዮዋ ክምሩን አየች፣ ወረቀቷን አየች። «ቤቱ የታለ?»

«ፈርሷል። ግን ላሳይዎት።»

ከዚያ ያደረገውን ላሊበላ ውስጥ ያየ ሁሉ ይናገረዋል። ክምሩ ላይ ወጣ። በዚህ በኩል በሩ ነበር፣ ደፉ የወይራ ነው፣ አይነቅዝም አለ። ደረጃው እዚህ ይጀምራል፤ ዘጠኝ ነው፤ አራተኛውን እኔ ነኝ የተሸከምሁት፤ እስከዛሬ ትከሻዬ ላይ አለ። ፎቁ እዚህ ድረስ ነው፤ ብሎ እጁን ከራሱ በላይ አነሣ። ግድግዳው ክንድ ከስንዝር፤ በረዶ ሲወርድ ውስጥ ሆነህ አትሰማውም። ይህን ድንጋይ ባሏ ከታች ከወንዙ ነው ያመጣው፤ ሦስት ቀን ፈጀበት። በእጁ አየሩን እየዳሰሰ ክቡን ዞረው። በሬ እንደሚዞረው አልዞረውም፤ እየተደናቀፈ፣ እየተነሣ ነው። ላቡ ዓይኑ ውስጥ ይገባል። «ዘጠና!» አለ። «ዘጠናም ያንሰዋል። ዘጠና ያልሁት ሌላ ሰው ስለሚሰማ ነው።»

ሴትዮዋ ስትጽፍ ቆይታ ብዕሯን አቆመች። ክፉ ሰው አልነበረችም። «አባቴ» አለች፣ «አምኜዎታለሁ። ግን የሌለ ቤት እንደገና ልገምት አልችልም። ምስክሩም ወንድም ነው።» ወረቀቱ ላይ አንዲት መስመር ጻፈችና ፈረመች። መምህር ኢያቄም አጠገቧ ስለነበር አነበበው፤ ደርበው «ምን ይላል?» ብሎ በዓይኑ ሲጠይቀው ግን ወደ መሬት አየ።

ሰዎቹ ሄዱ። ሰዉም ቀስ በቀስ ተበተነ። የትናየት ከቆመችበት ወደ ክምሩ መጣች። ፊቷ ላይ ምን እንዳለ ባንችይርጋ እንኳ መናገር አልቻለችም፤ እሷ ደግሞ የማትናገረው ፊት አልነበረም።

«ያን ቀን ስልሳ ስትል» አለችው፣ «እኔ ደረጃው ላይ ቆሜ ነበር። አይተኸኝ ነበር?»

ደርበው ሊዋሽ ይችል ነበር። «አላየሁሽም» አለ። «መሪጌታን ነበር የማየው።»

ራሷን ነቀነቀች፤ ሂሳቡ እንደገጠመለት ሰው። ከዚያ አንዱን ጠፍጣፋ ድንጋይ በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችና ወደ እሱ ገፋ አደረገችው።

«ደክሞዎታል» አለች። «አረፍ ይበሉ።»

አንቱ አለችው። ወንዝ ለወንዝ በጀርባዋ ያዞረችውን፣ ጡት የለመነችለትን ልጅ።

ደርበው ከዚያ በኋላ አልገመተም። ቅዳሜ ገበያ መሐመድኑር ቢለምነው፣ «ባለቤቱን ጠይቀው» ይለዋል። ማሳ ላይ ሲጠራ ታምሜያለሁ ይላል። ያሰጋው ነገር ግን አልደረሰም፤ ከገመታቸው ሃምሳ ስምንት ቤቶች ባለቤቶች አንድም ሰው መጥቶ የኔስ አላለውም። እንዲያውም «በገዛ ስሙ ላይ የፈረደ ሰው!» ተብሎ አዲስ ሙገሳ ወጣለት። ይህን ሲሰማ ተነሥቶ ይሄዳል።

በየወሩ በሚካኤል እኅቱ ዘንድ አዲሱ ሰፈር ይወጣል። ቤቷ ግድግዳውም ጣሪያውም ቆርቆሮ ነው፤ አንድ ክፍል። የጥድ በሩ ለቆርቆሮው ስለከበደ አልቆመም፤ መሬት ላይ ተጋድሞ መደብ ሆኗል። የትናየት በደስታ ትቀበለዋለች። ያለቻትን አንዲት ወንበር ትሰጠዋለች፤ እጁን ታስታጥባለች፤ ለባዕድ እንግዳ የሚወጣውን ነጭ ሳህን ታወጣለች። «ይብሉ እንጂ፣ ምነው ተውት» ትለዋለች። እንደ ድሮው ብትቆጣው፣ ጭንቅላቱን በማማሰያ ብትለው የሚሻለው ይመስለኛል፤ ሙሉዬም እንዲህ ትላለች። አንድ ቀን ዝናብ እየዘነበ ቆርቆሮው ሲጮህ ደርበው ጮክ ብሎ የሆነ ነገር አላት። አልሰማችውም። እሱም አልደገመውም።

ሊሄድ ሲነሣ አብራው ትነሣለች። እስከ ደጅ ወጥታ ትሸኘዋለች። ነጠላዋን በራሷ ላይ ጣል አድርጋ፣ መታጠፊያው እስኪደርስ ትቆማለች። እሱም ያውቃል፤ ስለዚህ እግሩ ታሞ እንኳ ቶሎ ቶሎ ይራመዳል፣ ብርዱ ላይ ብዙ እንዳትቆም።